ክቡና ጉራንጉሩ፦ የፍንዳታ ጉዳት በጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ እና የመርካቶ ጥያቄ

በጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ለብዙ ዘመን ሲጫወቱት የኖረ የጦርነት ጨዋታ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ሕጉን ጽፎለታል። ከሌሎች አገሮች ቼዝ ጎልቶ የሚለየው ወረራ በሚባለው መክፈቻው ነው፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ መጫወቻዎቻቸውን እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ። ይሁንና በሰንጠረዥ አንዱ የሚጥለው አንዱን ብቻ ነው። ፈረሱ ዘሎ አንድ እግረኛ ይወስዳል፤ ንጉሡም ቢሆን ከአንድ በላይ በአንድ ጊዜ አይማርክም። አንድ ድርጊት በአንድ ቅጽበት ብዙዎችን የሚጎዳበት መንገድ በገበታው ላይ የለም። ጨዋታው የተወለደው ከባሩድ በፊት ነውና ይህ አያስደንቅም።

ዛሬ በጥቃቅን ምስሎች የሚካሄዱት የጦርነት ጨዋታዎች ግን ይህንን ጥያቄ በየሕግ መጽሐፋቸው መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል። አንድ ቦምብ ሲፈነዳ ማን ይጎዳል? እስከ ምን ርቀት? በምን ያህል መጠን? ለብዙ ዓመታት የተለመደው መልስ አንድ ክብ ቅርጽ ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ክቡ ሜዳን እንጂ ከተማን እንደማያውቅ፣ በተለይም እንደ መርካቶ ያለ ጥቅጥቅ ያለ የገበያ ሰፈር በጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ የተሳሳተ ትምህርት እንደሚሰጥ ነው። ነገሩ የመዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለተመራማሪዎች ማቅረብ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን የጠረጴዛ ልምምድ በአደጋ ዝግጁነት ሥልጠና ውስጥ የታወቀ መሣሪያ ነው፤ ልምምዱን የሚያዘጋጅ ሰውም ከጨዋታዎቹ ቀመር ለመበደር ይቀናዋል። ስለዚህ ቀመሩ ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደሚተው አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

የክቡ አመጣጥ

የዘመናዊው የጦርነት ጨዋታ አባት ተደርጎ የሚቆጠረው የፕሩሲያው ክሪግስሽፒል ነው። አባትየው ፎን ራይስቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሦስተኛ ያቀረበውን ጨዋታ፣ የጦር መኮንን የነበረው ልጁ በ1824 ለሠራዊት ሥልጠና በሚስማማ መንገድ አሻሽሎ አሳተመው። ጦሩ የሚንቀሳቀሰው በ1፡8000 ልኬት በተነሣ ካርታ ላይ ነበር። የመድፍና የጠመንጃ ተኩስ ያደረሰው ጉዳት ደግሞ ዳይስ ተጥሎ፣ ርቀትና የመሬት አቀማመጥ ታይቶ፣ ከቁጥር ሰንጠረዥ ይነበባል። እዚህ ላይ አማርኛችን ያለው አጋጣሚ ልብ ይሏል፤ የጦርነት ጨዋታውንም የቁጥር ዝርዝሩንም ሰንጠረዥ እያልን እንጠራለን። በፕሩሲያ ሁለቱ በእርግጥም አንድ ሆነው ነበር፤ የሞተው ሰው የሚታወቀው ከመዝገቡ መስመር ነውና።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው የአሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ ሕግ ውስጥ ሰንጠረዡን አስወግዶ፣ በሞላ የምትተኩስ የአሻንጉሊት መድፍ አምጥቷል። መድፏ ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ትወረውራለች፤ ቁራጩ መትቶ የጣለው ወታደር ሞተ ይባላል። ይህ ለዓይን ደስ የሚል ዘዴ ነው፤ ሆኖም የሚያሳየው የመድፉን ዒላማ እንጂ የፍንዳታውን ጉዳት አይደለም። እንጨት አይፈነዳም።

ክቡ በሰፊው የታወቀው በሁለተኛው የሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መታተም የጀመረውን ዋርሃመር 40,000 የተባለውን የእንግሊዝ ጨዋታ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ተጫዋቹ 3 ወይም 5 ኢንች ስፋት ያለው ክብ ላስቲክ በዒላማው ላይ ያስቀምጣል፤ ቀስት የተሳለበት ልዩ ዳይስ ተጥሎ ክቡ ወደየት እንደሚንሸራተት ይወሰናል፤ ከዚያም ከክቡ ሥር የተገኙት ምስሎች ሁሉ እንደተመቱ ይቆጠራሉ። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚያሳየው ፍሌምስ ኦቭ ዋር ደግሞ ለመድፍ ድብደባ በጎኑ 6 ኢንች የሆነ አራት ማዕዘን ይጠቀማል። ቅርጹ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ውስጥ ያለ ተጎዳ፣ ውጭ ያለ ዳነ።

ልኬቱ ምን ይላል?

ምስሎቹ 28 ሚሊሜትር ገደማ ቁመት ሲኖራቸው፣ የጨዋታው ልኬት በግምት 1፡60 ይሆናል። በዚህ ስሌት 5 ኢንች ማለትም 12.7 ሴንቲሜትር የሆነው ትልቁ ክብ በመሬት ላይ 7.6 ሜትር ብቻ ነው፤ ከመሐሉ እስከ ዳሩ ደግሞ 3.8 ሜትር። ኤም 67 የተባለው የአሜሪካ የእጅ ቦምብ ግን እስከ 5 ሜትር ይገድላል፣ እስከ 15 ሜትር ያቆስላል፣ ፍንጣሪውም ከ200 ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል ተብሎ በመማሪያዎች ይጠቀሳል። የ15 ሜትሩን ክልል ብቻ በ1፡60 ለማሳየት 50 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ያስፈልጋል። የተለመደው የመጫወቻ ጠረጴዛ 183 በ122 ሴንቲሜትር ነው። አንድ የእጅ ቦምብ የጠረጴዛውን ወርድ ሲሶ አልፎ ግማሹን ለመንካት ይቃረባል ማለት ነው። ትልቅ መድፍማ ቢሆን ጠረጴዛውን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ጨዋታውን ገና ሳይጀመር ይፈጽመዋል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎቹ ክቡን አሳንሰውታል። ይህን እንደ ስሕተት መቁጠር አይገባም፤ ጨዋታው እንዲኖር የተከፈለ ዋጋ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዋጋው መከፈሉ ሲረሳ ነው።

የክቦቹ ንጽጽርም ራሱን የቻለ ነገር ይነግረናል። ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1915፣ ክራንዝ ደግሞ በ1926 ለየብቻቸው ባስቀመጡት የልኬት ሕግ መሠረት፣ ተመሳሳይ ግፊት ሁለት እጥፍ ርቆ እንዲሰማ ከተፈለገ ፈንጂው ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። እንግዲህ ከ3 ኢንቹ ክብ ወደ 5 ኢንቹ መሸጋገር ማለት የፈንጂውን መጠን ከአራት ተኩል እጥፍ በላይ ማሳደግ ነው። በጨዋታው ውስጥ ግን አንዱ መሣሪያ ከሌላው ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ሆኖ ይታያል። ይህን ልዩነት በሚገባ የሚያውቅ ተጫዋች ጥቂት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የክቡ ዳር ነው። ፍንዳታ ዳር የለውም። የመስኮት መስታወት ከ7 ኪሎፓስካል ባነሰ ግፊት ሊሰባበር ይችላል፤ የጆሮ ታምቡር ለመቀደድ 35 ኪሎፓስካል ገደማ ይፈልጋል፤ ሳንባ የሚጎዳው ደግሞ ግፊቱ 100 ኪሎፓስካል አካባቢ ሲደርስ ነው። አንዱ ፍንዳታ እንግዲህ ቢያንስ ሦስት ክቦች አሉት፤ የመስታወቱ ክብ ከሁሉም ይሰፋል። ፍንጣሪ ደግሞ ሌላ ሕግ ይከተላል። በገላጣ ቦታ የፍንጣሪው ብዛት በርቀቱ ካሬ ልክ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቅርብ የቆመ ሰው ሊተርፍ፣ ሩቅ የቆመ ሊመታ ይችላል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምቦችን የወረወሩት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ግራዚያኒ ሰውነቱ በብዙ ፍንጣሪ ተበሳስቶ ለሳምንታት ሆስፒታል ተኛ እንጂ አልሞተም፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ዓይነት ቦምብ የተገኙ ሰዎች ዕጣ ይህን ያህል ተለያየ። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀናት ፋሺስቶች በከተማዋ ሕዝብ ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ያህል ሲል ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 የገመተው እልቂት፣ በየትኛውም የፍንዳታ ክብ ውስጥ አይገባም። ሰንጠረዥን ለተመራማሪ ያስተዋወቀው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ዛሬ የሚገኘው በዚያው ቤተ መንግሥት መሆኑ፣ ለጨዋታና ለጦርነት ግንኙነት ግድ ለሚለው ሁሉ የሚታሰብ ነው።

መራራቅ የማይቻልበት ቦታ

ክቡ በሕግ አውጪዎቹ ዘንድም ለዘላለም አልጸናም። ዋርሃመር 40,000 እ.ኤ.አ. በ2017 ክቦቹን አስወግዶ፣ የፈንጂ መሣሪያ የሚያደርሰው ምት በዳይስ እንዲወሰን አደረገ። ምክንያቱን የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ተጫዋቾች ከክቡ ሥር ጥቂት ሰው እንዲገኝ ምስሎቻቸውን በተፈቀደው ልክ እያራራቁ ይደረድሩ ነበር፤ ጊዜውም ጣት በማይሞላ ርቀት ክርክር ያልቅ ነበር። በ2023 የወጣው ሕግ ደግሞ ዒላማው በሆነው ቡድን ውስጥ በየአምስቱ ምስል አንድ ተጨማሪ ጥቃት ይሰጣል። የሚገርመው፣ ቦልት አክሽን የተባለው ሌላ ጨዋታ ተቃራኒውን መንገድ መሄዱ ነው፤ በ2012 በዳይስ ጀምሮ በ2016 ወደ ክብ ዞሯል።

በዳይሱም በክቡም ዘንድ ግን ሳይጠየቅ የሚያልፍ አንድ ግምት አለ። በክቡ ዘመን ከፍንዳታ መዳኛው መራራቅ ነበር፤ ብልህ አዛዥ ማለት ሰዎቹን የሚበትን ነው። በዳይሱ ዘመን ደግሞ ጥግግት የሚለካው በቡድኑ ብዛት እንጂ በቆመበት መሬት አይደለም። በሜዳ ላይ የተበተኑ ሃያ ሰዎችና በአንድ ጠባብ መተላለፊያ የተፋፈጉ ሃያ ሰዎች በሕጉ ፊት እኩል ናቸው።

መርካቶ ይህን ግምት ከሥሩ ያናጋል። ገበያው ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ኢጣሊያውያኑ አገሬውን ከአውሮፓውያን ለይተው ለማስፈር ባወጡት ፕላን መሠረት የአገሬው ገበያ ብለው ሰየሙት፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከዚያ ቀረ። በፕላኑ የተሠመሩት ዋና ዋና መንገዶች ቀጥ ያሉና ሰፋ ያሉ ናቸው። በመንገዶቹ መካከል ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። ሱቅ በሱቅ ላይ ተደግፎ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ ለሁለት ቤት አገልግሎ፣ መተላለፊያው በቦንዳና በጆንያ ተሞልቶ፣ ከላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፋ ያልፋል። ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ እየተባለ በየዕቃውና በየታሪኩ የተሰየመው ሰፈር ሁሉ የቆመው በመጠጋጋት ላይ ነው። ነጋዴው ከአቻው አጠገብ ካልሆነ ገዢ አያገኘውም፤ ተሸካሚው ከመኪናው እስከ መጋዘኑ ያለው ርቀት ካጠረለት ብዙ ይመላለሳል፤ ደላላው ደግሞ ያለ ግርግር እንጀራ የለውም። ለመርካቶ ሰው ተራራቅ ማለት ሥራህን ተው ማለት ነው። መራራቅን እንደ ብልሃት፣ መጠጋጋትን እንደ ስንፍና የሚቀጣ ሕግ ወደዚህ ሰፈር ሲመጣ የሚቀጣው ድህነትንና ንግድን ነው።

ግድግዳው የሚሠራው

የፍንዳታ ሞገድ ጠንካራ ግድግዳ ፊት ለፊት ሲያገኝ ይመለሳል፤ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት ደካማ በሆነ ሞገድ እንኳ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ሞገዱ በበረታ ቁጥር ደግሞ ከእጥፍም በላይ ይወጣል። በሁለት ግድግዳ መካከል የተያዘ ሞገድ እንደ ሜዳው በሁሉም አቅጣጫ ሊሰፋ አይችልም፤ ስለዚህ በመተላለፊያው ርዝመት እየተገፋ ከሜዳው ይልቅ ርቆ ይሄዳል። በአንጻሩ ከወፍራም የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግንብ ኋላ ያለ ሰው በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሊተርፍ ይችላል። በጉራንጉር ውስጥ የጉዳቱ ቅርጽ እንግዲህ ክብ ሳይሆን የመንገዱ ቅርጽ ነው።

ይህን በጠረጴዛ ላይ ለማሳየት የፊዚክስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የክቡን ስፋት እንደ ውሃ ማሰብ ይበቃል። የ5 ኢንቹ ክብ 127 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሸፍናል። ፍንዳታው በ1፡60 ልኬት 5 ሴንቲሜትር፣ በእውኑም 3 ሜትር ወርድ ባለው መተላለፊያ ውስጥ ከደረሰ፣ ያው ስፋት በመተላለፊያው ውስጥ ይፈስሳል፤ በሁለቱም አቅጣጫ 12.7 ሴንቲሜትር ያህል ይደርሳል። በሜዳ ላይ ክቡ ከመሐሉ ይደርስ የነበረው 6.35 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር። ርቀቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ከግንቡ ኋላ ያሉት ግን ከቁጥሩ ወጡ። ይህ የጨዋታ ቀመር እንጂ የምሕንድስና ስሌት አይደለም፤ ማንም ሰው ሕንፃ ሊሠራበት አይገባም። ቢሆንም ከክቡ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው፤ ደግሞም ከአንድ ገመድና ከአንድ ማስመሪያ በላይ አይጠይቅም።

ሆኖም ቀመሩ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ካልጠየቀ ከንቱ ነው። በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ግድግዳ መከለያ ይባላል፤ መከለያ ያለው ምስል ዳይሱ ላይ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል፣ ነገሩም ያበቃል። የመርካቶ ግድግዳ ግን በአንድ ነጥብ አይጠቃለልም። ቆርቆሮ ከዓይን ይሰውራል እንጂ ፍንጣሪ አያቆምም፤ ግፊቱ ሲነቅለው ራሱ የሚቆርጥ ፍንጣሪ ይሆናል። ባለ ፎቁ የገበያ ማዕከል ወፍራም ኮንክሪት አለው፤ ፊቱ ግን መስታወት ነው፤ መስታወቱም ሲረግፍ የሚያርፈው ከፍንዳታው ሩቅ በቆመውና ምንም ባላየው መንገደኛ ላይ ነው። የጨርቅ ቦንዳ ደግሞ ከሁሉም የሚያስቸግር ነው። ተደራርቦ ሲቆም ብዙ ፍንጣሪ ውጦ ያስቀራል፤ በዚያች ቅጽበት ከኋላው ያለውን ሰው ያድናል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን ያው ቦንዳ ነዳጅ ነው። አንድ ዕቃ በመጀመሪያው ዙር ጋሻ፣ በሦስተኛው ዙር እሳት ሲሆን የሚያሳይ የጨዋታ ሕግ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከፍንዳታው በኋላ ያለው ዙር

የጨዋታዎቹ ትልቁ ጉድለት ምናልባት ከቅርጽ ይልቅ የጊዜ ነው። ክቡ ይቀመጣል፣ ዳይሱ ይጣላል፣ የሞቱት ይነሣሉ፣ ተራው ወደ ሌላው ያልፋል። ፍንዳታው የአንድ ቅጽበት ነገር ሆኖ ይዘጋል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረው የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግን ነገሩ በአንድ ፍንዳታ አላበቃም፤ የመጀመሪያው ሌላውን እየቀሰቀሰ ቀጠለ። አደጋውን ለመቅረጽ ወደ ስፍራው ከቀረቡት ጋዜጠኞች ድምፅ ቀራጩ ጆን ማታይ ሞተ፣ ኬንያዊው የፎቶግራፍ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ክንዱን አጣ። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ክብ ውስጥ አልነበሩም፤ የገቡት በኋላ ነው። በጠረጴዛው ላይ ለመርዳትም፣ ለማየትም፣ ለመሸሽም ወደ ፍንዳታው የሚሄዱ ሰዎች እስካልተወከሉ ድረስ የጉዳቱ ግማሽ አይታይም።

በመርካቶ ደግሞ የጊዜው ጉዳይ ከእሳት አይለይም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ለመቆጣጠር ሰዓታት ወስዷል፤ የሰፈሩ ጥግግትና የመንገዱ አለመመቸት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ እንዳከበደው የከተማዋ አስተዳደር ገልጿል። ያ አደጋ የተጠቀሰው የፍንዳታ ምሳሌ ስለሆነ አይደለም። ፍንዳታ፣ የጋዝ ሲሊንደርም ይሁን ሌላ፣ በዚያ ሰፈር ቢደርስ ከቅጽበቱ በኋላ የሚከተለው ምን እንደሚመስል ስለሚያሳይ ነው። በጨዋታው አንድ ዙር የጥቂት ሰከንድ ወይም የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው፤ በሸማ ተራ ግን ወሳኙ ጥያቄ የውሃ መኪናው በየትኛው መግቢያ፣ በስንተኛው ዙር ይደርሳል የሚለው ነበር። ጨዋታው ያንን ዙር ካልያዘ ፍንዳታን አሳይቷል ሊባል አይችልም።

ማን ይዳኝ?

በዚህ አስተያየት ላይ ሁለት ተቃውሞ ይጠበቃል። የመጀመሪያው ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ ሕጉ በበዛ ቁጥር የሚጫወተው ይጠፋል የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የክሪግስሽፒል ታሪክም ይመሰክርለታል። መኮንኖች በሰንጠረዡ ብዛት ተሰላችተው ስለነበር፣ ቬርዲ ዱ ቬርኖዋ እ.ኤ.አ. በ1876 ዳይሱንና ሰንጠረዡን ወደ ጎን አድርጎ ጉዳቱን ልምድ ያለው ዳኛ እንዲፈርድ ሐሳብ አቀረበ። የዳኛው ፍርድ ፈጣን ነው፣ ከመሬቱም ጋር ይስማማል፤ ዋጋውም በዳኛው ዕውቀት ልክ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚከብድ ነው። ሰው በሚኖርበትና በሚሠራበት ሰፈር ላይ ፍንዳታን ማጫወት ክብርን መንካት አይሆንም ወይ? ለክፉ አሳቢስ መንገድ ማሳየት አይሆንም ወይ? ክፉ አሳቢ መርካቶ ሰው የሞላበት ጠባብ ሰፈር መሆኑን ለማወቅ ጠረጴዛ አያስፈልገውም፤ የእሳት አደጋ መኪናው መግቢያ የት እንደሚዘጋ ማወቅ ግን የሚጠቅመው አዳኙን ነው። የክብሩ ጥያቄ ግን በዚህ አይመለስም። የሚመለሰው በዳኛው ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ሲወሰን ነው። የቬርዲን መንገድ ወደ መርካቶ ብናመጣው ልምድ ያለው ዳኛ ማለት መኮንን አይደለም፤ መሐንዲስም ብቻውን አይደለም። የትኛው መተላለፊያ በቅዳሜ ቀን በዕቃ እንደሚደፈን፣ የትኛው በር ከምሽቱ በኋላ በቁልፍ እንደሚዘጋ፣ ጋሪ በየት እንደሚያልፍና በየት እንደማያልፍ የሚያውቁት ተሸካሚው፣ የሌሊት ዘበኛውና ባለ ሱቋ ናቸው። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ባለሙያዎችና የኪነ ሕንፃ ተማሪዎች በጠረጴዛው ዙሪያ ቢቀመጡ፣ ፍንዳታው የደረሰበትን ቦታ ካወቁ በኋላ ማን እንደተጎዳና ማን መውጫ እንዳጣ እንዲፈርዱ ቃሉ ለእነዚህ ሰዎች መሰጠት አለበት። ያን ጊዜ በጠረጴዛው ላይ የቆመው ምስል ወታደር አይሆንም፤ የሚነሣውም ምስል ነጥብ አይሆንም።

ዳኝነቱ ለነዋሪው ሲሰጥ አንድ ሌላ ነገር መለወጡ አይቀርም። በንግድ ጨዋታዎቹ ውስጥ ተዋጊ ያልሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ ከተገኘም መሰናክል ወይም ማስዋቢያ ነው። ሕጉ የሚቆጥረው ተዋጊን ስለሆነ ክቡ ባዶ ገበያ ላይ ቢያርፍና የሰልፉ ገበያ ላይ ቢያርፍ ውጤቱ ያው ዜሮ ይሆናል። ይህ የቁጥር ስሕተት አይደለም፤ ማን ሊቆጠር ይገባዋል በሚለው ላይ አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ ነው። ከጨዋታው ቀመር የሚበደር የሥልጠና አዘጋጅ ያንን ፍርድ ሳያውቀው አብሮ ይበደራል።

ሥራው ለመጀመር ብዙ አይጠይቅም። በ1፡60 ልኬት የተለመደው ጠረጴዛ 110 በ73 ሜትር ገደማ የሆነ መሬት ይይዛል፤ ይህ መርካቶን በሙሉ ሳይሆን የአንድ ተራ ጥቂት ቤቶችንና በመካከላቸው ያሉትን መተላለፊያዎች የሚያህል ነው። ቤቶቹን ለመሥራት ካርቶንና ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ይበቃል፤ ሁለቱም ከምናለሽ ተራ አይጠፉም። ከባዱ ልኬቱ ነው። የመተላለፊያው ወርድ በሜትር ተለክቶ መመዝገብ ያለበት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ማለዳ ሱቆች ሳይከፈቱ፣ አንዴም ከሰዓት በኋላ ዕቃው ሁሉ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው የኋለኛው ነው።